አንገቱ የጠፋው ኮኮናት

ወላሂ፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ቢሆንም እነግራችኋለሁ። ባሕር የወር መንገድ በሚርቅባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጅ ጀውሃር የሚባሉ ደግ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ብታርፍ እንኳ «ትቀመጥ፣ ደክሟት ነው» ይሉ ነበር። ሚስታቸው ዙበይዳ ግን ሶብር የሚባለውን ትዕግሥት እሳቸውን ካገባች በኋላ ነው የጠላችው።

በዚያ ሰሞን ዙበይዳን ንዳድ ጥሏታል። ውሃ ያስመልሳታል፤ ወተትም ያስመልሳታል። ሐኪሙ መጥቶ «ዛሬ አንድ ነገር ሆዷ ካልያዘላት ያሰጋታል፤ እስቲ የኮኮናት ውሃ ሞክሩላት» ብሎ ሄደ። በአላህ ራህመት አንድ ነጋዴ ከወደብ አንድ ጆንያ ኮኮናት ይዞ ገብቶ ነበር።

ሐጅ የዙሁርን ሶላት ሰግደው ወጡ፤ የዐስርን ሶላት ሰግደው ተመለሱ! ነጋዴው «ሁሉም ሙሉ ነው፣ ወላሂ!» ቢላቸው «መሐላህን አታድክመው ልጄ» ብለው ጆንያውን ሙሉ አንድ በአንድ በእጃቸው መዘኑ፣ ጆሯቸው ሥር እየነቀነቁ አዳመጡ። ሲነቀነቅ ዝም ያለውን ተዉት። የተሰነጠቀውን ተዉት። ጫፉ ላይ ያለው ዓይኑ የሻገተውንም ተዉት። ከበድ ያለ፣ ውስጡ ውሃ የሚንቦጫረቅ አንድ ይዘው ገቡ።

«መጡ?» አለች ዙበይዳ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ።

«መጣሁ። ጎረቤቶቻችንም ሊረዱን መጥተዋል።»

«ወየው ጉዴ!»

ቤት ከተሰበሰበው ሰው ከሐጅ በቀር ኮኮናት ሲከፈት ያየ የለም። ሥጋ ሻጩ ሙሄ አገላብጦ ዳሰሰው።

«ፀጉር አለው። ዓይንም አለው፤ ያውም ሦስት! ይህ ሳይታረድ ለሙስሊም አይጠጣም።»

«እረደዋ ታዲያ!» ጮኸች ዙበይዳ።

«እሺ እትዬ፣ ግን አንገቱ የት ነው?»

ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዞረው፤ ተንከባለለ። እንደገና አዞረው። «ቢስሚላህ!» ብሎ ቢያሳርፍበት ቢላዋው ሸርተት አለና የሐጅን የመስገጃ ቁርበት ለሁለት ከፈለው።

«ኸይር ነው፣» አሉ ሐጅ። «አሁን ለሁለት ሰው ይሆናል።»

አንጥረኛው አደም ሙሄን ገፍትሮ በመዶሻው አንዴ ቢያቀምሰው፣ ኮኮናቱ ተስፈንጥሮ በበሩ ወጣና ቁልቁለቱን ተያያዘው። ሰፈሩ በሙሉ ተከተለው። ሦስት ውሾችም ተከተሉት። ሲመልሱት ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ አደም ደግሞ መዶሻውን እንደገና አነሳ።

«ሐጅ!» አለች ዙበይዳ። «አንቱ ወደ መካ ሲሄዱ ወደብ ላይ ሲከፈት አይተዋል። ስለ አላህ፣ ለምን አይናገሩም?»

«አይቻለሁ። ግን ሊረዳኝ የመጣን ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ ማስቆም ነውር ነው። አደም ይጨርስና...»

«አደም እስኪጨርስ እኔ አለቅሁ!»

ድምጿ እዚህ ላይ ተቆረጠ። ይህን ጊዜ ሐጅ ብድግ አሉ።

«ወንድሞቼ፣ አላህ ድካማችሁን ይቀበልላችሁ። አሁን መሣሪያችሁን አስቀምጡ።»

ሚስማር በፈላ ውሃ አጠቡ። ሦስቱን ዓይኖች በአውራ ጣታቸው ተጫኗቸው፤ ሁለቱ ድንጋይ ናቸው፣ አንዱ ለስላሳ ነው። በቢስሚላህ ያንን በሱት፤ ውሃውን በኩባያ ቀዱ። አሽትተው ቀምሰው አለመኮምጠጡን ሲያረጋግጡ በማንኪያ አቀረቡላት። አንድ ጠጣች። አላስመለሳትም። ሁለተኛ ጠጣች፤ ሦስተኛው ላይ ማንኪያውን ትታ ኩባያውን ቀማቻቸው።

ሐጅ ባዶውን ኮኮናት በጨርቅ ጠቀለሉት። በእጃቸው አልያዙትም፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሙሄ ቢላዋ ጀርባ ወገቡን እያዞሩ ቀስ ብለው መቱት። በአሥረኛው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ነጩን ሥጋ ለጎረቤቶቻቸው እያደሉ እንዲህ አሉ፦

«የደረቀ ነገር ሁሉ አንድ ለስላሳ ቦታ አለው፤ ሶብር ያደረገ ያገኘዋል።»

እውነታቸውን ነው። በጉልበት የመጣነው ቁርበት ቀደድን፣ ውሻ አስሮጥን። እሳቸው ግን ማንንም ሳያሳፍሩ በአንዲት ሚስማር ጨረሱት። ሰውን በስንፍናው ሳያዋርዱ መታገሥ ትልቅ አጅር፣ ትልቅ ዋጋ አለው።

አደም ድርሻውን እያኘከ፣ «ሱብሃነላህ! የዛሬውን የሐጅን ሶብር ለልጅ ልጆቻችን እንናገራለን» አለ።

ይኼኔ ከመጋረጃው ጀርባ ዙበይዳ ድምጿ ተመልሶላት ጮኸች፦

«የተጠማሁት እኔ፣ ሶብረኛው እሳቸው!»