የምንተስኖት ቅባትና የአያ ይመኑ ኩሬ

በእኛ ሐይቅ ዳር፣ ለራሱ ሲል ሌላውን ጉድ የሚያደርግ ሰው ሲያጋጥም የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። አሁን አሁን መረብ ነክተው የማያውቁ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ይሏታል። ከየት መጣች ብላችሁ ብትጠይቋቸው አንዱ «የጥንት አባቶች ያሏት ናት» ይላችኋል፤ ሌላው ከመጽሐፍ ያገኛት ያስመስላል። ውሸታቸውን ነው። አባባሏ ከተወለደች ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስትወለድም እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሰውዬው ምንተስኖት ይባላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ሽቶና ቅባት የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ከሸቀጡ ሁሉ አብልጦ ለሰው የሚያሳየው ግን የራሱን ፊት ነበር። እውነቱን ለመናገር መልከ መልካም ነው። ይህንንም ከእሱ በላይ የሚያውቅለት አልነበረም። የመንደራችንን ልጅ ማሬን ጤና ጣቢያችን ፋርማሲ ውስጥ ስትሠራ አይቶ ወደዳት። እሷም ወደደችው፤ ምኑን እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። ሽማግሌ ላከ።

የማሬ አባት አያ ይመኑ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ካስተናገዱ በኋላ፣ «እኔ አንድ ቀን አብሮኝ መረብ ያልሳበ ሰው አላውቅም። ይምጣና አብረን እንዋል፤ መልሴን ከዚያ በኋላ እነግራችኋለሁ» አሏቸው።

አያ ይመኑ ማለት ሐይቁን ከሞት ለማስነሣት የቆረጡ ሰው ናቸው። ዓሣው ተጠምዶ ተጠምዶ አልቆ መረባችን ባዶውን መውጣት ሲጀምር፣ ግማሻችን ስደት ስናስብ፣ እሳቸው ከዳር ኩሬ አስቆፈሩን። ስፋቷ ከጎጆ ወለል አይበልጥም። ከምንጩ ንጹሕ ውሃ ስበን ሞላናትና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት አስመጥተው ጨመሩባት። ሁለት ጊዜ ሞክረው ከሸፈባቸው። በሦስተኛው ጫጩቶቹ አድገው ጣት አከሉ። ሐሙስ ዕለት ሐይቁ ውስጥ ሊለቀቁ ቀጠሮ ተይዞ ነበር፤ የመንደሩ ተስፋ በሙሉ እዚያች ኩሬ ውስጥ ይዋኝ ነበር ማለት ይቻላል። ምንተስኖት ማክሰኞ ጠዋት መጣ።

ሲመጣ ሁላችንም ፊታችን ነጭ ነበር። ውሃ ዳር ፀሐይ ከላይም ከታችም ነው የምትጠብሰው። ማሬ የአባቷ አፍንጫ ሲላላጥ ካየች ወዲህ ዚንክ ቅባት ታመጣልናለች፤ ያው ለሕፃናት የሚቀባውን። ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ እንደምንመስል እናውቃለን፤ ዓሣ እንደሆነ አይስቅብን። ምንተስኖት ግን ገና ከሩቅ ሲያየን ሳቁ አመለጠው።

«ምነው፣ ወፍጮ ቤት ነው ያደራችሁት?»

«ዚንክ ነው» አለችው ማሬ፣ ክዳኑን ከፍታ እየዘረጋችለት። «አንተም ተቀባ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው።»

«እኔ? የሕፃን ቂጥ ቅባት እኔ ፊት ላይ?» ከኪሱ ወርቃማ ቱቦ መዥረጥ አደረገ። «የእኔ የውጭ ነው። ሲቀቡት አይታይም።»

ማሬ ቱቦውን ተቀብላ ጀርባውን አነበበች። «ይሄኮ ኬሚካል ነው፤ ሽቶም አለበት። ዚንክ ማዕድን ነው፤ ቆዳህ ላይ ተቀምጦ ፀሐይዋን ይከላከልልሃል። ያንተ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ላብህ ሲመጣ ደግሞ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ውሃ ውስጥ ላሉትም ጠንቅ ነው። በሞቴ ይቅርብህ።»

«ማሬዬ፣ አንቺ መድኃኒትሽን ሽጪ። የመልክን ነገር ለእኔ ተዪልኝ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ማሬ አንገቷን ደፍታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ጥላ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ መረብ የሚጠግኑት እትዬ ጦይባ ብቻ፣ «ተይው ልጄ፣ እንዳማረበት ይቃጠል» ሲሉ ሰማኋቸው። እሱ ግን ፊቱን፣ አንገቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን እስከ ጉልበቱ ለቀለቀው። ሽታው የሠርግ ቤት አስመሰለን።

መረቡን በጀልባ ዘርግተን ተመለስንና ከዳር ሆነን በሁለት ገመድ መሳብ ጀመርን። ምንተስኖት ገመዱን በጣቶቹ ጫፍ ነበር የሚይዘው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ላቡ ከግንባሩ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ያ የውጭ ቅባትም ከላቡ ጋር ተያይዞ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ዓይኔን! ዓይኔን!» ብሎ ጮኸ። እኛ ያው ኖራችንን እንደተቀባን ነን፤ አንዳችንም ዓይናችንን አላሸንም።

«ሐይቁ ፊትህ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ታጠብ» አሉት አያ ይመኑ።

«ይሄን ጭቃ? ፊቴን ሊያበላሸው!» አለና ገመዱን ጥሎ በግማሽ ዓይኑ ወደ ንጹሑ ውሃ ሮጠ። ወዴት እንደሚሮጥ ወዲያው ገባን።

«ኧረ ኩሬው! ኧረ ጫጩቶቹ!» አያ ይመኑ እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። መረቡን ብንለቀው ሊሄድብን ሆነ፤ ገመዱን ግንድ ላይ አስረን እስክንደርስ ምንተስኖት ዘሎ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ወጥቶ፣ ፊቴን ፀሐይ እንዳታገኘው ብሎ የቱቦውን ትራፊ ጨምቆ እንደገና ተቀብቶ፣ ቅዝቃዜው ስለጣመው ተመልሶ ገብቶ ነበር። ጎትተን አወጣነው። ውሃው ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት ተንሳፍፏል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫጩቶቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ጀመሩ። በባልዲ ቀዳን፣ ከምንጩ አዲስ ውሃ ለቀቅን፣ የቻልነውን ሁሉ አደረግን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኩሬው ነጭ በነጭ ሆነ፤ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው አለቁ። አለቀስኩ፤ ብናገረውም አላፍርም። አያ ይመኑ ከዳር ተቀምጠው አንድ በአንድ በመዳፋቸው እያነሡ ያዩአቸው ነበር።

ምንተስኖት በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ ነበር ትሉኛላችሁ? ጥላ ሥር ተቀምጦ በስልኩ ፊቱን ያያል። ጉንጩ ቀልቶ፣ ዓይኑ አብጦ፣ አፍንጫው ሊላላጥ ደርሷል። ማሬ ከሥራ ስትመለስ አያትና እየሮጠ ሄደ።

«ማሬዬ፣ እስቲ ጉንጬን እይልኝ፤ ምልክት ይተውብኝ ይሆን?»

እሷ ኩሬውን እያየች ነበር። «ዓሣዎቹስ?» አለችው።

«የትኞቹ ዓሣዎች?» አለ ምንተስኖት።

ማሬ አልፋው ሄዳ አባቷ አጠገብ ተንበረከከችና፣ «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹን መልስልኝ። አላገባውም» አለች።

«ሽማግሌ በባዶ አይመለስም ልጄ፤ ለምን ይሉኛል» አሉ አያ ይመኑ፣ እርጥብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እያደረቁ። «ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

እትዬ ጦይባም ዓይናቸውን ከሚጠግኑት መረብ ሳያነሡ፣ «‹ለፊቱ ሲሳሳ፣ ፈጀ የሰው ዓሣ› በሏቸው» አሉ።