ጋሽ አበጋዝ ካርድ ሊገዙ የወጡ ዕለት

ተረት ልንገራችሁ። ላም የላትም፣ በረትም የላትም። ያላት አንዲት መቀስ ናት፤ እሷም በውሰት ሄዳለች።

ደሴ አውቶብስ ተራ ጥግ፣ በአንዲት የእንጨት ሱቅ ውስጥ፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ የመልካም ምኞት ካርድ ትሠራለች። የእሷ ካርድ ቀይ ልብና ጽጌረዳ የሞላበት ዓይነት አይደለም። «ዝናቡ ሳይደርስ ልብሴን ከገመድ ስላነሳሽልኝ» የሚል አላት። «ታንኮራፋለህ፤ ሳታንኮራፋ ስትቀር ግን ሞትክ ብዬ እደነግጣለሁ» የሚልም አላት። «ሹሮው አሯል፤ አንቺ ስለሠራሽው በላሁት» የሚለው ደግሞ በአዲስ ሙሽሮች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ቃሉን ከራሷ አታመጣም። ገዢው ይነግራታል፣ እሷ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ትጽፋለች፣ ከዚያ የወረቀቱን ጠርዝ በመቀስ አበባ አስመስላ ትከረክማለች። አንዱ የተሸጠለትን ቃል ሌላው ቢጠይቃት አትሰጥም። «የፍቅር ቃል እንደ ጥርስ መፋቂያ ነው፤ የሌላ ሰው አይሆንም» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ አበጋዝ መጡ። አናጺ ናቸው፤ የትርንጎንም ሱቅ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በር ይሥሩልን ቢሏቸው ከነመቃኑ ይሠራሉ። ቃል ይናገሩ ቢሏቸው ግን ሚስማር በጥርሳቸው እንደያዙ ሁሉ ዝም ነው።

«ትርንጎዬ፣ አንድ ካርድ ሥሪልኝ» አሉ። «ለየሺመቤት ነው። በስድስት ሰዓቱ አውቶብስ ወልዲያ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው።»

«ምነው ጋሼ፣ በደህና?»

«በደህናማ አይደለም። አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ደግ ቃል ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም አለችኝ። ይባስ ብሎ፣ ቁልፍ በኪስህ እያለ በየማታው በር እያንኳኳህ ከተቀመጥኩበት ታስነሳኛለህ፤ እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ዘበኛህ? አለችኝ።»

«መቼ ሊመለሱ ነው?»

«ሲበቃኝ አለች። እሷን ደግሞ ቶሎ አይበቃትም።» ጋሽ አበጋዝ ከጣሪያ ወድቀው እንኳን ያልደነገጡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ፈርተው ነበር።

ትርንጎ አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣች። «እሠራለሁ ጋሼ። ወረቀቱ ከእኔ፣ ቃሉ ከእርስዎ። ግን መቀሴን ልብስ ሰፊው ይመር ተውሷታል። ያለ እሷ ጠርዙን አልከረክምም፣ ጠርዙ ያልተከረከመ ካርድ ደግሞ ከእጄ አይወጣም።»

ትርንጎ ያለ መቀስ ካርድ አልሠራ አለች፣ ጋሽ አበጋዝን ቃል አልወጣ አላቸው፣ እትዬ የሺመቤት ጓዛቸውን ጠቅልለዋል፣ አውቶብሱም ስድስት ሰዓት ይነሳል። ጋሽ አበጋዝ ወደ ይመር ሄዱ።

«ይመር፣ የትርንጎን መቀስ ወዲህ በል።»

ይመር የልብስ ልክ የሚያወጣበትን ወረቀት እየቆረጠ ነበር። መቀሷን የተዋሰውም ለዚሁ ነው፤ የጨርቅ መቀስ ወረቀት ከቀመሰ ይዶለዱማል። «ደስ ይለኝ ነበር ጋሼ» አለ፤ «ግን ባዶዋን?»

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ወግ ማወቅ አለባችሁ። እኛ ዘንድ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። በሰፌዱ ላይ አንድ ነገር ጣል ይደረጋል፣ በእንስራው ውስጥ ትንሽ ነገር ይጨመራል። ሰፌድ ባዶውን የመለሰ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳል።

«ሦስት ቀን ይዣት ባዶዋን ብመልስ እናቴ ከመቃብሯ ትነሳብኛለች» አለ ይመር። «ዘሀራ ጋ ዳቦ አዝዣለሁ። ዳቦው ሲመጣ መቀሷ ትሄዳለች።»

«እንግዲያ የራስህን መቀስ አውሰኝ።»

«የጨርቅ መቀሴን ለወረቀት? ጥርሴን ይንቀሉ ጋሼ!»

ይመር ያለ ዳቦ መቀስ አልመልስ አለ፣ ትርንጎ ያለ መቀስ ካርድ አልሠራ አለች፣ ጋሽ አበጋዝን ቃል አልወጣ አላቸው፣ እትዬ የሺመቤት ጓዛቸውን ጠቅልለዋል፣ አውቶብሱም ስድስት ሰዓት ይነሳል። ጋሽ አበጋዝ ወደ ዘሀራ ዳቦ ቤት ሮጡ።

ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ተቃጥያለሁ። የሚቃጠለው ምድጃው ነበር፣ እሱ ግን በርዷል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከዕቃው ሊወጣ ነው። ሙሄ እንጨት አምጣ ካልኩት ይኸው ሁለት ሰዓት!»

ዘሀራ ያለ እንጨት ዳቦ አልጋግር አለች፣ ይመር ያለ ዳቦ መቀስ አልመልስ አለ፣ ትርንጎ ያለ መቀስ ካርድ አልሠራ አለች፣ ጋሽ አበጋዝን ቃል አልወጣ አላቸው፣ እትዬ የሺመቤት ጓዛቸውን ጠቅልለዋል፣ አውቶብሱም ስድስት ሰዓት ይነሳል። ጋሽ አበጋዝ እያለከለኩ ወደ እንጨት ፈላጩ ወደ ሙሄ ወጡ።

በድሮው ተረት መጥረቢያ ያወራል። የሙሄ መጥረቢያ ግን እንኳን አፍ፣ እጀታም የለው። እጀታው ከሁለት ተሰብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ሙሄም ካልተፈለጠው ግንድ ላይ ተቀምጦ እንደ ለቀስተኛ ያየዋል።

«ጋሼ፣ እግዜር ነው የላክዎት!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። «እጀታ ይጥረቡልኝ። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

ጋሽ አበጋዝ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው!» ብለው ቁልቁል ወደ ቤታቸው በረሩ። በሩን በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ የየሺመቤት ጫማ ከበሩ ሥር የለም። በገዛ ቁልፍ ከፍቶ መግባት እንዲህ እንደሚያስጠላ አያውቁም ነበር። መላጊያቸውን ሊያወጡ የዕቃ ሳጥኑን ሲስቡ ደግሞ ተቆልፏል። የሰፈሩ ሰው መጋዙንም መሮውንም እየተዋሰ ስላስቸገረ፣ የሳጥኑን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ የሺመቤት ናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው።

ነጠላው ደግሞ አውቶብስ ተራ ነው።

ደረሱ። እትዬ የሺመቤት ጓዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ረዳቱ «ወልዲያ! ወልዲያ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል።

«የሺ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ስጪኝ።»

እትዬ የሺመቤት ቀና ብለው አዩዋቸው። «ልትሸኘኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር። ቁልፍ ፈልገህ ነው?»

«አይደለም... ማለቴ፣ ነው...»

«አንተ ሰው፣ ቁልፉንስ እሰጥህ ነበር። አርባ ዓመት የከለከልከኝን አንድ ቃል መጀመሪያ ስጠኝ። ያለሱ ቁልፍ የለም።»

ጋሽ አበጋዝ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ተንተባተቡ። «ቃል እኮ አልወጣ ብሎኝ ነው ካርድ ላሠራልሽ የወጣሁት። ትርንጎ ያለ መቀስ ካርድ አልሠራ አለች፣ ይመር ያለ ዳቦ መቀስ አልመልስ አለ፣ ዘሀራ ያለ እንጨት ዳቦ አልጋግር አለች፣ ሙሄ ያለ መጥረቢያ እንጨት አልፈልጥ አለ፣ መጥረቢያው ያለ እጀታ አልሠራ አለ፣ እጀታው መላጊያ ይፈልጋል፣ መላጊያው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው፣ አንቺ ደግሞ ያለ ቃል ቁልፍ አልሰጥም አልሽ!»

«ለእኔ ካርድ ብለህ ይህን ሁሉ ዞርክ?»

«ዞርኩ። ዞሬ ዞሬ አንቺው ጋ መጣሁ።»

እትዬ የሺመቤት ሳቃቸው ሊመጣ ነበር፣ ዋጡት። «እሱ ቃል አይደለም፤ እሱ አቤቱታ ነው።»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ አበጋዝ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ።

«የሺዬ» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ከተማ በር ያልገጠምኩበት ሰፈር የለም። ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ የራሴ በር ላይ እቆማለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አላወጣውም። የማንኳኳው አንቺ እንድትከፍቺልኝ ነው። የእግርሽን ኮቴ ስሰማ፣ መጣሁ ስትይ፣ ቀኑን ሙሉ የደከመኝ ይወጣልኛል። ዛሬ በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። እንዲያ ያለ ቤት አልፈልግም።»

ረዳቱ መጮሁን ተወ። አንዲት መንገደኛ ሴት በመስኮት አንገቷን አውጥታ ዓይኗን ትጠርጋለች። እትዬ የሺመቤት የነጠላቸውን ጫፍ ሊፈቱ ሞከሩ፤ ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ ቢላቸው በጥርሳቸው ፈቱት።

«እናት፣ ይሳፈራሉ?» አለ ረዳቱ።

«ወዴት? በር የሚከፍትለት የለውም እኮ» አሉና ጓዛቸውን ለባላቸው አሸከሙ።

አውቶብሱ አንድ ሰው እንደጎደለው ሄደ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ቃሉ ቁልፉን አስፈታ፣ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፣ መላጊያው እጀታውን ላገ፣ መጥረቢያው ግንዱን ፈለጠ፣ እንጨቱ ምድጃውን አሞቀ፣ ምድጃው ዳቦውን ጋገረ፣ ዳቦው መቀሷን አስመለሰ፣ ይመርም እናቱን ከመቃብር ሳያስነሳ ተገላገለ። ዳቦና መቀስ በአንድ ላይ ትርንጎ እጅ ሲገቡ አስር ሰዓት ሆኗል።

ትርንጎ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ስታይ ግራ ገባት። «እንግዲህ ከታረቃችሁ ካርዱ ምን ያደርጋል?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ነገ አላልኩም ቢለኝስ? ጻፊው!»

ትርንጎ ጻፈች፤ ጠርዙንም በመቀሷ አበባ አስመስላ ከረከመች። «ቁልፍ አለኝ፤ የማንኳኳው አንቺ እንድትከፍቺልኝ ነው» ይላል። እትዬ የሺመቤት ካርዱን እዚያው ነጠላቸው ጫፍ፣ ቁልፉ የነበረበት ቦታ፣ ቋጠሩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ባል መጥቶ ያንን ቃል ሽጪልን ብሎ ትርንጎን ለመናት፤ አልሸጠችም።

በማግስቱ ወደ ማታ ጋሽ አበጋዝ ከሥራ ተመልሰው በራቸው ላይ ቆሙ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው። አንኳኩ።

«ማነው?» አሉ እትዬ የሺመቤት ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«ቁልፍ የለህም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያ ጠብቅ፤ መጣሁ።»

እኔም ይህን ተረት አውሻችኋለሁ። ስትመልሱልኝ ባዶውን እንዳይሆን።