ውሃ አልነካም ያለችው የጦር መርከብ

ከባሕር ጠረፍ የመጣ ተረት ነው። ጨመርሽበት ካላችሁኝም፣ አዎ፣ ጨምሬበታለሁ።

ቀትሩ የሚያቃጥል አገር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ይተኛል፣ ባሕሩም ዐይኑን ይከድናል። የማትተኛ አንዲት ሕፃን ብቻ ነበረች፤ ሚጡ ይሏታል። ከተወለደች ሰባ ሦስት ቀኗ ነው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ አባቷ ግን ገና አላያትም።

«ተኚ እንጂ፣ የኔ እናት» አለቻት እናቷ ሽታዬ።

ሚጡም በለቅሶዋ፣ «አባቴ ካልመጣ አልተኛም» አለች።

ሽታዬ አዝላት ሄደች። ባሏ ጌጤነህ በያጅ ነው፤ ከረጅሙ ግንብ ወዲያ የጦር መርከብ ይሠራል። «ጌጤ! ሚጡ አልተኛም ብላለች፣ ና እንጂ!» ብላ ተጣራች።

«ምን ላድርግ ሽታዬ» አለ ድምፁ ከግንቡ ማዶ። «ሁላችንንም አስምለውናል። መርከቧ ውሃ ካልነካች አልወጣም።»

ወደ አሸዋው ዞረች። የመርከቧ አፍንጫ ከግንቡ በላይ ወጥቶ ባሕሩን ያያል። «እመት መርከብ፣ ሚጡ አልተኛም አለች፣ አባቷ አልወጣም አለ። ምናለ ውሃውን ብትነኪው?»

«ሰባ ቀን ሙሉ ነገ ትወርጃለሽ ይሉኛል» አለች መርከቧ በእንቅልፍ ልቧ። «የጦር መርከብ ነኝ፤ መድፉ ካልተሳፈረ ውሃ አልነካም።»

መድፉ አሸዋ ላይ ተጋድሟል፤ አፉ ውስጥ ሸርጣን ገብታ ትኖራለች። «አያ መድፍ፣ ሚጡ አልተኛም አለች፣ አባቷ አልወጣም አለ፣ መርከቧ ውሃ አልነካም አለች። ተሳፈር እንጂ!»

«ከባድ ነኝ፣ እህቴ። የመርከቧ ወለል ካልጠነከረ አልሳፈርም።»

ቀና ብላ ወለሉን ጠራችው። «ሚጡ አልተኛም አለች፣ አባቷ አልወጣም አለ፣ መርከቧ ውሃ አልነካም አለች፣ መድፉ አልሳፈርም አለ። ጠንክር እንጂ!»

«ጠዋት ይበይዱኛል፣ ከሰዓት ይቆርጡኛል» አለ ወለሉ ከላይ። «ንድፉ ካልረጋ አልጠነክርም።»

ንድፉ በኮሞዶሩ ቢሮ መስኮት ላይ ተሰቅሏል። ኮሞዶሩ የመርከቧ ሥራ አለቃ ናቸው፤ ቢሯቸውም ከሽታዬ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። «ንድፍ ሆይ፣ ሚጡ አልተኛም አለች፣ አባቷ አልወጣም አለ፣ መርከቧ ውሃ አልነካም አለች፣ መድፉ አልሳፈርም አለ፣ ወለሉ አልጠነክርም አለ። ኧረ ርጋ!»

«ትናንት አፍንጫዬን አስረዘሙት፣ ዛሬ ጭስ ማውጫዬን ወደ ኋላ ገፉት፣ ነገ ደግሞ ክንፍ ያወጡልኝ ይሆናል። እርሳሱ ካላረፈ አልረጋም።»

እርሳሱ ከጠረጴዛው ላይ ሰምቶ ኖሮ፣ «እኔን አትውቀሺኝ!» አለ። «ቀትር ላይ እንቅልፍ ባጡ ቁጥር ያነሡኛል። ኮሞዶሩ ካልተኙ አላርፍም።»

ኮሞዶሩ ዐይናቸው ቀልቶ ተቀምጠዋል። ሽታዬ እጅ ነሣች። «ክቡር ኮሞዶር፣ ሚጡ አልተኛም አለች፣ አባቷ አልወጣም አለ፣ መርከቧ ውሃ አልነካም አለች፣ መድፉ አልሳፈርም አለ፣ ወለሉ አልጠነክርም አለ፣ ንድፉ አልረጋም አለ፣ እርሳሱ አላርፍም አለ። ምናለ እርስዎ ቢተኙ?»

«እንዴት ልተኛ፣ ልጄ? ከግድግዳዬ ማዶ አንዲት ሕፃን አለች፤ ቀትር በሆነ ቁጥር ትጮኻለች። እሷ ካልተኛች አልተኛም። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ መርከቧ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ።»

ሽታዬ ክው አለች። ሚጡ ጀርባዋ ላይ ትጮኻለች።

«ይቺ ናት» አለች ቀስ ብላ።

«ይቺ?»

«ይቺ። እንግዲያው ይያዙልኝ።» አውርዳ እቅፋቸው ውስጥ አኖረቻት።

ኮሞዶሩ ደነገጡ። «ምን ልበላት?»

«የሚያውቁትን።»

የሚያውቁት የመርከቧን ዕቃ ዝርዝር ብቻ ነው። «መድፍ፣ አንድ» አሉ። «መልሕቅ፣ ሁለት። የነፍስ አድን ጀልባ፣ ስድስት። ትልቁ ብሎን፣ አርባ ሺህ። ትንሹ ብሎን...»

ሚጡ አዛጋች። ኮሞዶሩም አዛጉ።

ሚጡ ተኛች፣ ኮሞዶሩ ተኙ፣ እርሳሱ አረፈ፣ ንድፉ ረጋ። በማግስቱም ቀትር እንዲሁ፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ጠዋት የተበየደውን ከሰዓት የሚቆርጠው ጠፋ። ወለሉ ጠነከረ፣ መድፉ ተሳፈረ፣ ሸርጣኗም እያጉረመረመች ወረደች። መርከቧ ውሃ ነካች፤ ባሕሩም ሳይነቃ ቦታ ለቀቀላት። በሰባ ዘጠነኛው ቀን ጌጤነህ ወጣ።

የብረት ብናኙን ሳያራግፍ ሲሮጥ መጣ። ቀትር ነበር። ሚጡ ኮሞዶሩ ደረት ላይ ተኝታለች፤ እሳቸውም ያንኮራፋሉ።

«እሷ ናት?» አለ እጁን ዘርግቶ። «ልቀፋት?»

ሽታዬ ክንዱን ያዘችው። «ቀስ በል! አሁን ከነቁ መርከቧን ከውሃው ጎትተህ ልታወጣት ነው።»

ጌጤነህ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠና ልጁን ያያት ጀመር።

እኔም እዚህ ላይ ዝም ልበል፤ እናንተም ቤት የተኛ ልጅ ይኖር ይሆናል።