ይመር የመለሰው ፔዳል

ይመር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጊታሩን ክሮች በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠረገ ነበር። ሰኞ ሰኞ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የሰርግ ላብ ክር ያዝጋል። ሦስተኛው ክር ላይ ሲደርስ በሩ ተንኳኳ።

ደሴ ውስጥ ጫማ ቁጭ ብሎ ለክቶ የገዛ ሰው ዳገት ላይ ሲያነክስ፣ ወይም በበጋ አይቶ የተከራየው ቤት በክረምት ሲያፈስበት፣ ጎረቤቱ ፈገግ ብሎ የሚላት አንዲት አጭር አባባል አለች። ብዙ ሰው ከድሮ አዝማሪዎች የወረስናት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የተወለደችው ይመር በሩን በከፈተበት ሳምንት ነው።

ያንኳኳችው ዘሀራ ነበረች፤ ይመር ጊታር የሚጫወትበት የሰርግ ባንድ ዘፋኝና አለቃ። ተቀመጪ ቢላትም ቆማ ነው ያወራችው።

«ኪቦርድ ተጫዋቻችን ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ትናንት ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ የቅዳሜው የሐይቅ ሰርግስ?»

«እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁ። ኮምቦልቻ አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አለ። የሄደው በራሱ መኪና ነበር የሚመጣ፤ የኛ መኪና ግን የሚይዘው አምስት ሰው ብቻ ነው፣ ይመር። ልጁን ከጫንኩ አንተን ላወርድህ ነው።»

ይመር ጨርቁን ጣቱ ላይ ጠቀለለው።

«የኪቦርዱን ቦታ በጊታር ብይዝልሽስ?»

«በዚች ቀጭን ድምፅ?»

«ፊልተር የሚባል ፔዳል አለ። ኑርዬ ሱቅ አይቻለሁ።»

ዘሀራ መጀመሪያ ጊታሩን አየችው፣ ቀጥሎ እሱን። «እንግዲያው ረቡዕ ልምምድ ላይ አሰማኝ» አለችና ሄደች።

ፊልተር በጊታርና በድምፅ ማጉያ መካከል የሚገባ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው። ክሩ ሲመታ ድምፁን እንደ አፍ ይከፍተዋል፤ ክሩ ሲዳከም መልሶ ይዘጋዋል። ጊታሩ «ዋ፣ ዋ» እያለ የሚናገር ይመስላል። ብቻውን ባዶ የነበረው ድምፅ ሥጋ ይለብሳል።

ማክሰኞ ጠዋት ይመር ጊታሩን አንግቶ ኑርዬ ሱቅ ገባ። ኑርዬ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ጠባብ፣ ወሬው ሰፊ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ፔዳሎች አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው የጫማ ካርቶን ያህላል፤ ዘጠኝ ማዞሪያና ሰማያዊ የሚያበራ መስኮት አለው። ሌላዋ ከልብስ ሳሙና አትበልጥም። ሦስት ማዞሪያ፣ አንድ መርገጫ፣ በቃ።

«ይቺ አናሎግ ናት» አለ ኑርዬ ትንሿን በጣቱ ወደ ዳር እየገፋ። «መስኮት የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ዋጋዋም የዚህኛውን ግማሽ አይሞላ።»

«ለምን እንዲህ ረከሰች?»

«እያት እንጂ። ከጎኑ ስትቀመጥ ልጁ አትመስልም?»

ይመር ትልቁን ሰካ። ደሴ ውስጥ አዲስ መሣሪያ የጨበጠ ሰው ጣቱ ሳይታዘዝ ወደ ትዝታ ነው የሚሄደው፤ የይመርም ጣት ሄደ። ረጋ ብሎ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እየጠበቀ ተጫወተ። ትልቁ ፔዳል ድምፁን ይከፍታል፣ ያንጠለጥላል፣ ለመለያየት እንደሚከብደው ሰው በዝግታ ይዘጋል። ሁለት መንገደኞች በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛዋ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ከዚያ ትንሿን ሰክቶ ያንኑ ትዝታ ደገመው። ድምፁን ከፈት አድርጋ ወዲያው ዘጋችው። ቶሎ ተናግሮ ዝም እንደሚል ሰው ናት። ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንስታ መንገዷን ቀጠለች።

«ዕቃና ዕቃ አየህ?» አለ ኑርዬ።

ይመር አየ። ለጥቅምት ብርድ ጃኬት ሊገዛበት ያስቀመጠውን ሁሉ ጨምሮ ትልቁን ወሰደ።

ረቡዕ ከሰዓት በዘሀራ ግቢ ልምምድ ነበር። ይመር በትዝታ ጀመረላቸው፤ ዘሀራ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ደስ አለው። ከዚያ ከበሮ መቺው ወደ ችክችካው ገባ፣ ሰርገኛን ከወንበር የሚያስነሳው፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጠው ፈጣን ምት። ትልቁ ፔዳል የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍቶ ሳይዘጋ ሁለተኛው መጣበት። ሦስተኛው ተደረበ። ይመር የፍጥነቱን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው፤ ለውጥ የለም። ጊታሩ ገንፎ በአፉ ሞልቶ የሚያወራ ሰው ሆነ።

ዘሀራ እጇን አነሳች፤ ባንዱ ዝም አለ።

«ይሄ ለሰርግ ነው ለለቅሶ?»

ይመር ፔዳሉን በእግሩ ረግጦ አጠፋው። ከበሮ መቺውም ጫማውን ያይ ጀመር።

«የኮምቦልቻው ልጅ ነገ ከሰዓት መልስ ይጠብቃል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔም ሰው አላስነሳ ያለ ባንድ ይዤ ሐይቅ ብወርድ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም።»

«ጠዋት ሱቁ ድረስ አብረሽኝ ነይ። ሌላ አለ፤ ትንሽ። በጆሮሽ ስሚው።»

«ሱቁ ድረስ» አለች። «ከዚያ ወዲያ አትለምነኝ።»

ሐሙስ ሲገቡ ባንኮኒው ጥግ ዱካ ላይ ጋሽ እንድሪስ ተቀምጠው ነበር። በጉብዝናቸው ዘመን ከበሮ መቺ የነበሩ፣ አሁን ለኑርዬ የላላ ከበሮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ከበሮ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠፍሩን ይስባሉ።

ይመር ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ኑርዬ ሳይናገር አውራ ጣቱን ወደ ኋላው ወረቀት ቀሰረ።

«አንብቤዋለሁ» አለ ይመር።

«እንግዲያው ተግባባን።»

«ሰርግ አይሠራልኝም፣ ኑርዬ።»

«እጅህን ይዤ ነው ያስከፈልኩህ? ራስህ መርጠህ፣ መንገደኛ አስለቅሰህ ነው የወሰድከው።»

«እሱ ነው ያሳሳተኝ።»

ጋሽ እንድሪስ ጠፍሩን መሳብ አቆሙ። «ምን ተጫውተህ ነው የመረጥከው?»

«ትዝታ፣ ጋሼ።»

«ልትሠራበት የፈለግከውስ?»

«ጭፈራ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ወዘወዙ። «ኑርዬ፣ ሁለቱንም ሰካለት።»

«ጋሼ፣ የሱቁ ሕግ...»

«መሰካት መመለስ ነው እንዴ? ሰካለት።»

ኑርዬ እያጉረመረመ ሰካ። ጋሽ እንድሪስ ግማሹ የተወጠረውን ከበሮ ቀና አድርገው ችክችካውን ጀመሩ። መጀመሪያ ትልቁ ገባ፤ ድምፁ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሱቁን ሞላው፣ የኑርዬ ፊት እንደ ሎሚ ተጨማደደ። ይመር ኬብሉን ነቅሎ ወደ ትንሿ አዛወረው። ከችኮላ የተነሳ መሰኪያውን ሁለት ጊዜ ሳተው።

ከዚያ መታ።

ትንሿ ሳጥን በእያንዳንዱ ምት ከፍታ፣ ቀጣዩ ምት ከመድረሱ በፊት ዘግታ ጠበቀችው። ማክሰኞ ዕለት ትዝታውን ያበላሸው ችኮላዋ ዛሬ ከከበሮው ጋር እግር በእግር ሄደ። ጊታሩ ይናገር ጀመር፤ ቃል ከቃል ሳይነካካ። ይመር ቀና ሲል በሩን ተደግፋ የቆመችው ዘሀራ ትከሻዋ ተነቃንቋል። እንዳየባት ስታውቅ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች። ትከሻዋ ግን እሺ አላላትም።

ሲጨርሱ ኑርዬ ዞሮ የገዛ ራሱን ወረቀት እንደ እንግዳ አነበበው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሸጫለሁ» አለ። «የመጣው ሁሉ በትዝታ ሞክሮ ይወስዳል፤ በሳምንቱ ካልመለስኩ ይለኛል። ይሄን የለጠፍኩት የደሴ ሰው ወረተኛ መስሎኝ ነበር።»

«ትቀደዋለህ ታዲያ?» አለች ዘሀራ።

«ኧረ አልቀድም።»

«ተወው። የሱን ብቻ ለውጥለት።»

ኑርዬ ትልቁን ፔዳል አገላብጦ አየ። ጭረት ፈለገ፣ አጣ። «የዋጋውን ልዩነት በጥሬ ገንዘብ አልሰጥም። በክርና በኬብል ትወስዳለህ።»

«እወስዳለሁ» አለ ይመር፣ አፉን ሳያስዘጋው።

«ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው ጋ ሁን» አለች ዘሀራ። «የኮምቦልቻውን ልጅ አትምጣ እለዋለሁ። ያንተ ወንበር ግን ከበሮው ሥር ነው፤ ጉልበትህን አጥፈህ ነው የምትሄድ።»

ይመር እስከ ሐይቅ ቀርቶ እስከ ወልድያ ጉልበቱን አጥፎ ቢሄድ ቅር የሚለው አልመሰለውም። ትንሿን ፔዳል አንስቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ኪሱ እንኳ አልተወጠረም።

«ጋሼ» አለ ኑርዬ፣ ትልቁን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ፣ «ነገም ሌላው መጥቶ በትዝታ ልሞክር ቢለኝ ምን ልበለው?»

ጋሽ እንድሪስ የመጨረሻውን ጠፍር ስበው አሰሩት፤ ከበሮውን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መትተው አዳመጡና ግድግዳው ሥር አስቀመጡት።

«እንዲህ በለው፤ በትዝታ መርጦ ጭፈራ አይዘለቅም።»