እድር በቁሙ የመጣለት ሰው

አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ ማለዳ ጉብታው ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ከአፉ አደረገና ነፋ። ድምፅ አልወጣም። ትንፋሹ በግራ ከንፈሩ ጥግ ፊሽ ብሎ ሾለከ። ደግሞ ሞከረ። ምራቁ በአገጩ ወረደ።

ከታች አንዲት ሴት በሯን ከፍታ ወጣችና፣ "ምንድን ነው? የማን ጎማ ተነፈሰ?" አለች። ቀና ብላ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች።

ሰውየው ይመኑ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲሞት እየዞረ የሚለፍፈው እሱ ነበር። ከአራት ወር በፊት ማሳው ውስጥ ጎንበስ እንዳለ ግራ ጎኑ ከዳው። ሐኪም ቤት ወሰዱት። ስትሮክ ነው፣ ያመጣብህም ደም ግፊት ነው አሉት። ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ቢጎተትም ሄደ። ምላሱ ቢከብድም ተናገረ። ሲወጣ ነርሷ ክኒኑን በየጠዋቱ እንዲውጥ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ በየቀኑ እንዲራመድ፣ በየወሩም እየመጣ እንዲለካ አደራ አለችው።

ሁለት ወር ክኒኑን ዋጠ። ራሱን አላመመውም፤ አላዞረውም። "ድኛለሁ፤ ላልታመመ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?" አለና ተወው። ጨውም ወደ ገበታው ተመለሰ። መራመዱን ግን ጭራሽ አልጀመረውም። እግሩን እየጎተተ በሰው ፊት ማለፍ ከሞት ባሰበት። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ "ተኝቷል በሉ" እያለ ይመልስ ነበር።

ያን ማለዳ የወጣው ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሞቶ ስለነበር ነው። ጡሩምባውን በእሱ ቦታ ከተተካው ሰው ተቀብሎ፣ ነፍቶ፣ "ይመኑ ዳነ" ሊያሰኝ ነበር። አልሆነም። ጡሩምባውን መለሰና ቤቱ ገባ። ሚስቱን ጥሩሰውን "በሩን ዝጊው" አላት።

ምሳ ላይ ወጡን ቀመሰና ገፋው።

"ጨው የታለ?"

"ትንሽ አለው።"

"ይሄማ የውሻ ነው።"

"ውሻውን ተወው፤ እሱ የሰጡትን ይበላል" አለች።

ከጨው ዕቃው ቆንጥሮ ነሰነሰበት። የጨው ዕቃውን አንስታ ከደነችው። ከዚያ፣ "ሁለተኛ ስትወድቅ ብቻዬን አላነሳህም። ባለፈው ወገቤ ተቀጭቷል" አለችው።

"ብወድቅ እድር አለ።"

"እድር ሰው ቤት የሚመጣው አንዴ ነው፤ ያኔ ደግሞ አንተ አታየውም።"

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቃትም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ የግቢው በር ተከፈተ። የእድሩ ዳኛ ከፊት፣ ከኋላው ጋቢ የለበሱ ስምንት ሰዎች፣ ከሁሉ ኋላ ዱላዋን የተመረኮዘች ላቀች የምትባል ቅቤ ሻጭ ተከታትለው ገቡ። ይህን ከአጥሯ ማዶ ያየች ጎረቤት ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

"ወይኔ ይመኑ! ወይኔ የሰፈሬ ጡሩምባ!" እያለች ደረቷን እየደቃች ዘው አለች። ይመኑ መደብ ላይ ተቀምጦ ቂጣ ያኝካል።

"አልሞትኩም!" አለ። ቂጣው አፉን ሞልቶታል፤ ምላሱም ከባድ ነው።

"ምን አለ?" አለች።

"ሞትኩ ነው የሚለው" አላት አንዱ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሴትዮዋም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ይመኑ ግን አልሳቀም።

"ታዲያ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ? እዚህ ሬሳ የለ!"

"ሬሳ ስለሌለ ነው የመጣነው" አለ ዳኛው። "ትናንት ጥሩሰው ቤቴ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። 'ለሬሳው ስምንት ሰው ትመድባላችሁ፤ ለእግሩ ሁለት ሰው ብትመድቡ ምን ይጎድልባችኋል?' አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዲህ በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ሰው አብሮህ ይሄዳል። ተራ አውጥተናል።"

ይመኑ ሚስቱን አያት። አጎንብሳ እሳት ትቆሰቁሳለች፤ ቀና አላለችም።

"ሰው ያየኛል" አለ ቀስ ብሎ። እውነቱን ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ሰውማ ትናንት ጉብታው ላይ አይቶሃል፤ ሰምቶሃልም" አለች ላቀች። አጠገቡ ተቀመጠች። የግራ እጇን በቀኟ አንስታ እንደ ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔን እየኝ። የመጀመሪያው ስትሮክ እግሬን ወሰደ። ክኒን ዋጥኩ፣ ተሻለኝ፣ ዳንኩ ብዬ ተውኩት። ልክ እንዳንተ። ሁለተኛው ይሄን እጄን ወሰደ። ሦስተኛው ምን እንደሚወስድ አንተው ንገረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስትለፍፍ የኖርከው አንተ ነህ።"

ይመኑ ቂጣውን አስቀመጠ። ሞታቸውን የለፈፈላቸው ሰዎች በየተራ ትዝ አሉት። የስንቱ ቤተሰብ "ትናንት እኮ ደህና ነበር" እያለ ሲያለቅስ ሰምቷል። ደህና ነበር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

"ዱላዬን አቀብሉኝ" አለ።

ሁለቱ ተረኞች ግራና ቀኝ ሆኑ። አልደገፉትም፤ አጠገቡ ብቻ ሄዱ። አንገቱን ደፍቶ ጀመረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ብድግ አሉለት። "እንዴት ነህ፣ ጋሽ ይመኑ? እንዴት ከረምክ?" አሉት። ማንም እግሩን አላየም፤ ቢያይም አላስታወቀም። ቀና አለ።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የጣቢያው ነርስ ክንዱን አስራ ለካችው። እንደገና ለካችው።

"ሁለት መቶ በአንድ መቶ አስራ አምስት። አባባ፣ ይህን ተሸክመው ነው ደህና ነኝ የሚሉት?"

"ምንም አላመመኝም፣ ልጄ።"

"ክፋቱ እሱ ነው። ግፊት ሳያምም ነው የሚጥለው። ክኒኑ ያዝዎት እንጂ አላዳነዎትም። ሲለቁት ይለቅዎታል።"

ሐኪሙን ጠራች። እስከ ማምሻው አቆዩት፤ መድኃኒቱንም እንደገና አስጀመሩት። ሁለቱ ሰዎች ደጅ ተቀምጠው ጠበቁት። ሲወጣ "እስካሁን አልሄዳችሁም?" አላቸው። "ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እንቀመጥ የለ?" አለው አንዱ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሄዱ። የመረረው ቀን "ዛሬ አልወጣም" ይላቸዋል፤ እነሱም እስኪወጣ ደጁ ይቀመጡና ያወራሉ። ወሬው ሲጥመው ራሱ ይወጣል። አንደኛው ተረኛ እንቅልፋም ነበርና ይመኑ ዱላውን ይዞ ሄዶ የሚቀሰቅስበት ጊዜም መጣ። ጥሩሰው በርበሬ ስታስፈጭ ጨው ያልገባበትን ለብቻ አስቀመጠች፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አበዛች። የእድሩ ሴቶችም በለቅሶ ቤት ንፍሮው ያለ ጨው ይቀቀል፣ ጨው የፈለገ ከጎን ይውሰድ አሉ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ግን በሉት። እድሩ በሚሰበሰብበት እሁድ ነርሷ መጥታ ሁሉንም መለካት ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን የዳኛው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። "መሣሪያው ተበላሽቷል" አለ። በማግስቱ ጠዋት ከይመኑ ጋር ሲራመድ ታየ።

ይመኑ እንደ ድሮው አልሆነም። ጡሩምባውን ሌላ ሰው ይነፋዋል። ግራ እግሩም አሁን ድረስ ይዘገያል። ነገር ግን ግፊቱ ወርዶ እዚያው ቆየ። ክኒኑን አንድም ቀን አላጓደለም። ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ስትሮክ አልመጣም።

በዓመቱ ከላይ ሰፈር ጓንጉል የሚባል አናጢ በስትሮክ ወደቀ። ከሐኪም ቤት ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ክኒኑን አልውጥም፣ ሰውም አላናግርም አለ። ይመኑ ይህን ሰማና ማንም ሳይልከው አቀበቱን ወጣ። አጠገቡ ተቀመጠ። በዚያ በከባድ ምላሱ፣ "እኔም ተደብቄ ነበር" አለው። እስኪመሽ ድረስም ከአጠገቡ አልተነሳም።

ነገሩ ይህ ነው። ክኒን መዋጥ ቀላል ነው፤ ዕድሜ ልክ ለብቻ መዋጥ ግን ከባድ ነው። ጨው መቀነስም፣ በየጠዋቱ መነሳትም እንዲሁ። በስትሮክ ወድቆ የተነሳ ሰው መድኃኒቱን ተሻለኝ ብሎ አይተው፤ ሰውም አይሽሽ። እኛም ቃሬዛ ለመሸከም የምንሽቀዳደመውን ያህል ከቆመው ጋር ለመራመድ እንፍጠን። በእናንተ ሰፈር በሩን ዘግቶ የተኛ ማን አለ? ደጁን ከረገጣችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?

ያን ምሽት ይመኑ ሊሄድ ዱላውን ሲያነሳ ጓንጉል ከግድግዳው ዞረ።

"ነገም ትመጣለህ?" አለው።