የጦይባ አራተኛው ጉንጉን

ቀረብ በሉማ። አንተ በሩ ላይ ያለኸው፣ ግባና ዝጋው፤ ብርዱን ይዘህብን አትምጣ። ድሮ ነው፤ የዚህ አገር ቤት ሁሉ የሣር ክዳን በነበረ ጊዜ፣ ባሕር ማዶ የሚኬደው በበቅሎና በጀልባ በነበረ ጊዜ፣ በሾላ በር መንደር ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። ነበረች ብለው የነገሩኝ አያቴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ውሸት አይወዱም፤ ትንሽ ማጋነን ብቻ ይወዳሉ።

ጦይባ መሬት የላትም፣ በሬ የላትም። ጸጉር ጎንጓኝ ነበረች። ሙሽራ ስትዳር ጦይባ ትጎነጉናለች። ልጅ ለሥራ ባሕር ማዶ ስትሄድም ጦይባ ትጎነጉናለች። የሟች እህቷን ልጆች፣ አሚናትንና ሰዓዳን፣ ያሳደገቻቸው በዚሁ በእጇ ሥራ ነው።

ትልቋ አሚናት ባሕር ማዶ ሄደች። ለሁለት ዓመት ብላ ሄዳ በሰባተኛው ዓመት ተመለሰች፤ ከስታ፣ ጠቁራ። ጦይባ አቅፋት አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ተቆጣች። ምን አግኝቶሽ ነው ብላ ጠየቀቻት። በእኛ አገር እንግዳ ቤት ሲገባ ዱላውንና ስንቁን ለባለቤቱ ይሰጣል አይደል? አደብ ነው። አሚናትም የተቀጠረችበት ቤት እንደገባች የይለፍ ወረቀቷን ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ፣ ለእመቤቲቱ ሰጠች። አደራ መስጠቷ ነበር። እመቤቲቱ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ልሂድ ባለች ቁጥር ወረቀት ሳይኖርሽ የት ትሄጃለሽ ተባለች። አያችሁ፣ የገዛ አደባችን አሰራት።

ታናሿ ሰዓዳ ይህን ሁሉ ሰምታም እሄዳለሁ አለች። ጦይባ ቅሪ አላለቻትም። እኔም ጉልበት ቢኖረኝ እሄድ ነበር አለች። ነገር ግን ይቺንም እንደ እህቷ እንዳላጣት ብላ ሌሊት እንቅልፍ አጣች፤ ሲነጋ የሰው አገር ሕጉን አውቄ ላስታውቃት ብላ ተነሳች።

የመጀመሪያው ፈተናዋ ይኸው ነው፤ ፊደል አታውቅም። በእግሯ ከተማ ወረደች፤ ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ዋርካ ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጻፊ ዘንድ ደረሰች። ሰው በሰው አገር ሲሠራ መብቱ ምንድን ነው አለቻቸው። ሰውየው ሳቁ። ስቀው ግን ነገሯት። መንገድ ላይ ረሳችው። በሁለተኛው ገበያ ተመለሰች፤ ነገሯት፤ ግማሹን ረሳችው። በሦስተኛው ገበያ ሰውየው ሲናገሩ አጠገቧ የተቀመጠችውን ባለጉዳይ ጸጉር ይዛ መጎንጎን ጀመረች። አንድ ነገር ሲነገራት አንድ ጉንጉን። ባለጉዳይዋም ራሷን አዘንብላ ሰጠቻት፤ በነጻ መጎንጎን ማን ይጠላል።

ከዚያ ወዲያ አልረሳችም። የሚሄዱትን ልጆች እያስቀመጠች በየጉንጉኑ ታስጠናቸው ጀመር። አንደኛው ጉንጉን፦ የሥራ ውሉ በምታውቂው ቋንቋ ሳይነበብልሽ ጣትሽን አታትሚ። ሁለተኛው፦ ደመወዝሽም የዕረፍት ቀንሽም ያንቺ ነው። ሦስተኛው፦ ቢበድሉሽ ወደ አገርሽ ቆንስል ሂጂ፤ እዚያ የተቀመጠው ላንቺ ነው። አራተኛው፦ ወረቀትሽ ከእጅሽ አይወጣም፤ በቃኝ ባልሽ ቀን ትመለሻለሽ። የተሳሳተች ልጅ ጉንጉኗ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል። አንዷ ዝንጉ ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀምጣ ዋለች ይባላል።

ሁለተኛው ፈተና ከሽማግሌዎቹ መጣ። ልጆቻችንን እያስፈራራሽ እንጀራቸውን ልትዘጊ ነው ብለው ሾላው ሥር አስጠሯት። እሷ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንዲህ አለች፦

«አባቶቼ፣ ሂዱ ነው የምላቸው። ሰው በአገሩም ሰው ነው፣ በሰው አገርም ሰው ነው። ይህን ሳያውቁ ከሚሄዱ አውቀው ይሂዱ ነው ያልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጺማቸውን እያሻሹ፣ የእኔንም ልጅ ጎንጉኝልኝ አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሦስተኛው ፈተና ደላላው አሊጋዝ ነው። አሊጋዝ መልካም ሰላምታ ያውቃል፤ ሲምል አላህም ይታዘበዋል። ሰዓዳን ጨምሮ የስምንት ልጆች ወረቀት አውጥቶ፣ ሁሉንም በትከሻው ቦርሳ አጭቆ፣ በቅሎዎቹን አስጭኖ በማለዳ መጣ። ልጆቹ ወጡ። ስምንቱም ሦስት ሦስት ጉንጉን ብቻ ተጎንጉነው የቀረው ጸጉራቸው እንደተንጨባረረ ነበር። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። አሊጋዝ ግን አልሳቀም። በእኛ አገር ጸጉሯን ሳትጎነጎን መንገድ የምትወጣ ሐዘንተኛ ናት። ባለ በቅሎዎቹም ወዲያው ጭነታቸውን ማውረድ ጀመሩ፤ እኛ ሐዘን ጭነን በረሃ አንገባም አሉ።

«እማ ጦይባ፣ ፀሐይ ሳይከር ይጨርሱልኝ እንጂ» አለ አሊጋዝ።

«አራተኛው ጉንጉን ወረቀቷ በእጇ ላለ ልጅ ነው» አለችው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ልማዴ ነው።»

እኔ ዘንድ ቢቀመጥ ምናለ፣ እንደ ወንድማቸው ነኝ አለ። ለመነ። ተቆጣ። መልሶ ለመነ። ፀሐዩ ከረረ፤ ባለ በቅሎዎቹ ጥላ ሥር ተጋደሙ። በመጨረሻ ቦርሳውን ፈታ፤ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራ ሰጣቸው። ጦይባ ያን ቀን ስምንት ራስ ስትጨርስ ጣቶቿ አብጠው ነበር። ሰዓዳን የጎነጎነችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ሳትፈልግ ነው የጨረሰችው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ጦይባ በየቀኑ መንገዱን ታያለች፤ አላየሁም ትላለች። አንድ ቀን ደጇ ላይ የሰው ጸጉር ይዛ ሳለች ሰዓዳ ከነሻንጣዋ መጣች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ምን አመጣሽልን፣ ምን አመጣሽልን ይላል። ጦይባ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«በእጅሽ ነው?» ብቻ አለች።

ሰዓዳ ከጡቷ ሥር አወጣችው፤ ላቧ ያረጠበው፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት።

«በእጄ ነው። በቃኝ ባልኩ ቀን መጣሁ።»

ያኔ ጦይባ አለቀሰች። የጎረቤት ልጆችም ነገሩ ባይገባቸውም አብረው አለቀሱ።

ስለዚህ በሾላ በር እስከ ዛሬ ከሩቅ የመጣን ሰው ምን አመጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ በመርከብ ይምጣ በአውሮፕላን፣ ከሰላምታው በፊት «በእጅህ ነው?»፣ «በእጅሽ ነው?» ይባላል። መላሹም «በእጄ ነው» ይላል፤ ከዚያ እልል ይባላል። ባለፈው ወር የእኔዋ የልጅ ልጅ ስትመጣ ገና መኪናው ሳይቆም በመስኮቱ እጇን አውጥታ ወረቀቷን ስታውለበልብ አየኋት። እኔም ሽማግሌው፣ ዱላዬን ጥዬ ሮጥኩ።