ተረከዝ ያልነካው አሸዋ

ከበላይዋ ዳገት፣ ከበታችዋ ወንዝ ያላት አንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ነበረች። በቀድሞ ዘመን የጨው ነጋዴ የደከመ በቅሎውን የሚለውጥባት፣ በኋላ ዘመን ደግሞ የበቅሎው ገበያ ቀርቶ ሞተር ሳይክል የሚገዛባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። አያታቸው በቅሎ ሻጭ ነበሩ። አባታቸውም በቅሎ ሻጭ ነበሩ። እሳቸው ሞተር ሸጡ።

የአባታቸውን አንድ ልማድ ግን አልተዉም። አባታቸው የገዢውን ጭን ሳያዩ በቅሎ አይሰጡም ነበር። ሐጂም ለማጅ ሲመጣ፣ የመረጠውን ሞተር ግቢያቸው አሸዋ ላይ በጎኑ ያጋድሙና «አንሳው» ይሉታል። ብቻውን ካነሳው «ውጣበት» ይሉታል። ተቀምጦ ሁለቱም ተረከዞቹ አሸዋውን ከነኩ ይሸጡለታል። ካልነኩ በትከሻው ይዘው ወደ ትንሿ ሞተር ያዞሩታል። ሲሄድማ ሁሉም ይችለዋል፣ የሚከብደው ሲቆም ነው ይሉ ነበር።

አንዱ ወጣት ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎ መጣ። ሐጂ ዝቅ ብለው አዩትና፣ መስጂድ እንደገባህ ቁጠረው፣ ጫማህን አውልቅ አሉት። ከተማው ይህን እየደጋገመ ሳቀ። ከሐጂ ሙዘይን ሞተር ከመግዛት ልጃቸውን ማግባት ይቀላል፤ ለልጅቱ ሽማግሌ ይላካል፣ ለሞተሩ ግን ተረከዝ ነው የሚላከው ተባለ። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ለለማጅ ቅን ምክር መስጠት፣ ነሲሓ፣ ከሻጭ የሚጠየቅ ሐቅ ነው ብለው ያምኑ ነበርና ቀልዱ አላስቆማቸውም።

ያስቆማቸው ሌላ ነገር ነው።

*

ኡስታዝ ሸምሱ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም ሰው ነበር። በሦስት መንደሮች ሕፃናትን ቁርአን ያስቀራል። ሦስቱንም በእግሩ ነው የሚያዳርሰው። የመስጂዱ ጀመዓ፣ ሰጋጁ ሁሉ፣ አዘነለትና ሞተር ሊገዛለት ወሰነ። ኡስታዝ ጎረቤቱ ዘንድ ተለማመደ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ በሳምንቱ ስምንት የኮሚቴ ሰዎች ከበውት፣ ልክ ሙሽራ እንደሚጠይቁ ሽማግሌዎች፣ ወደ ሐጂ ሙዘይን ግቢ መጡ።

ኡስታዝ መጀመሪያ የሄደው ወደ ትንሿ ቀይ ሞተር ነው። ማንም ሳያዘው ተቀመጠባት። ተረከዞቹ አሸዋው ላይ ደልደል ብለው አረፉ። ፈገግ አለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ አበጋዝ፣ እህል ነጋዴው፣ ሳቁ።

«ይቺማ የዶሮ ነጋዴ ሞተር ናት፣ ኡስታዝ። በዚች ስትሄድ ያየህ ሰው ዶሮዎቹን የት ጣላቸው ነው የሚለው።»

ሁሉም ሳቁ። ኡስታዝም ሳቀና ወረደ። የወንዝ ማዶው ጀመዓ ለኡስታዙ ትልቅ ሞተር መግዛቱን ጋሽ አበጋዝ አስታወሱ። እኛስ ኡስታዛችንን አሳንሰን ልንልክ ነው ወይ አሉ። እጃቸው ትልቁን ጥቁር ሞተር ደገፍ እንዳለ ነበር።

ኡስታዝ ትልቁ ላይ ወጣ። የጫማው ጫፍ አሸዋውን ነካ። ጫፉ ብቻ። መሪውን እንደያዘ አንገቱን ወደ አዛውንቱ መለሰ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሐጂ ሙዘይን እግሩን አዩ። ከዚያ ጋሽ አበጋዝን፣ ከዚያ በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሁለት ሽማግሌዎች አዩ። ትልቁን ሞተር በእነዚህ ሰዎች ፊት አጋድሞ ኡስታዝን «አንሳው» ማለት፣ ቁርአን የሚያስቀራን ሰው እንደ ሕፃን መፈተን መሰላቸው። ይሉኝታ ያዛቸው።

«ጀመዓው ካለ መልካም ነው» አሉ። «ቢስሚላህ በሉ።»

እንግዶቹ ሲወጡ አሸዋው ላይ የጫማ ጫፍ ምልክት ቀረ። የተረከዝ ምልክት አልነበረም። ሐጂ ትንሽ ቆመው አዩትና መጥረጊያ አምጥተው ጠረጉት።

*

አደጋው የፍጥነት አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ወደ ላይኛው መንደር በሚወስደው ዳገት ላይ፣ እንጨት የጫነች አህያ መንገድ ዘጋች። ኡስታዝ ፍሬን ይዞ በእርጋታ ቆመ። እግሩን ሲያወርድ የመንገዱ ጠርዝ ዝቅ ያለ ነበር፤ መሬቱን አጣው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ዘመመና ጉልበቱ ላይ ተኛ። የአህያዋ ባለቤት ደርሳ እስክታግዘው ሊያነሳው አልቻለም።

የተሰበረው አጥንት ገጠመ። ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ።

ከዚያ ወዲያ ኡስታዝ ሸምሱ በሰልፉ ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ጀመረ። ጀመዓው ሱጁድ ሲወርድ እሱ አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ግንባሩ መሬት መንካት ተወ። ለስንቱ ሕፃን ሱጁድ ያስተማረው ያ ግንባር።

ሰዉ ቀደር ነው አለ፤ የአላህ ውሳኔ ነው። ኡስታዝ ግን ሌላ ስም ሰጠው፤ ኪብር ነው አለ፣ ኩራት ነው። ትልቁ ላይ ስወጣ ሰው ሲያየኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አላህ የመታኝ ለዚያ ነው አለ። ሚስቱ ሉባባ ተቆጣችው። በደንብ አልለመድክም፣ ለማጅ ነህ፣ በቃ፤ ኪብሩን ከየት አመጣኸው አለችው። አልሰማትም። ማስቀራቱን አቆመ። መንደሮቹ ሰው ልከው ሲለምኑት የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ በኩራት የወደቀ ሰው ለሕፃን ቁርአን አያስቀራም።

ሐጂ ሙዘይን በነዚያ ወራት የሰልፍ ቦታቸውን ቀየሩ። ወንበሩ ካለበት ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። ሰው ያስተዋለው በኋላ ነው።

በስምንተኛው ወር፣ ከላይኛው መንደር የመጣ አንድ ገበሬ የመስጂዱ ደጅ ላይ ኡስታዝን ሲለምን፣ ኡስታዝም ያንኑ መልስ ሲሰጥ ሐጂ ጫማቸውን እያደረጉ ሰሙ። ጫማውን መልሰው አወለቁና ወደ ውስጥ ተመለሱ ይባላል።

*

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከሰላት በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ሐጂ ተነሡ። ኢማሙን ፈቃድ ጠየቁ። ከዚያ ሁሉንም በተራ ተናገሩ። ትንሿን ኡስታዝ ራሱ እንደመረጣት፣ በትልቁ ላይ ተረከዙ እንዳልደረሰ፣ ሲጠይቃቸው እያወቁ ምን እንደመለሱ፣ የአሸዋውን ምልክት እንደጠረጉ። ከኋላ የተቀመጡት አንዳንዶቹ፣ ሐጂ ይቀመጡ፣ ያለፈ ነገር ነው አሉ። አልተቀመጡም። ፊታቸውን ወደ ወንበሩ አዞሩ።

«ኩራት አልጣለህም፣ ኡስታዝ። የጣለህ የእኔ ዝምታ ነው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ኡስታዝ የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው፣ ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ንዴት አይደለም፣ ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነበር ይላል። ንዴቱ ቀጥሎ መጣ።

«እግሬን አውፍ ብያለሁ» አለ። «ስምንቱን ወር ግን እንዴት እንደምል አላውቅም፣ ሐጂ። ስምንት ወር ራሴን ስረግም በየቀኑ ያዩኝ ነበር።»

ኡስታዝ ወደ ማስቀራት ተመለሰ። ሁለቱ መንደሮች ባጃጅ ይገባባቸዋል፤ እግሩን በወንበሩ ላይ ዘርግቶ ይሄዳል። የላይኛው መንደር ዳገት ነው፣ ባጃጅ አይወጣውም። የዚያ መንደር ልጆች እስከ ዛሬ ኡስታዝ የላቸውም።

ትንሿ ቀይ ሞተር አልተሸጠችም። ሐጂ በየጠዋቱ አቧራዋን ይጠርጉላት ነበር። ጋሽ አበጋዝ አንድ ቀን መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ራስዎን አይጉዱ፣ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነገር ነው አሉ። ማጽናናታቸው ለራሳቸውም ጭምር ነበር።

«ቀደሩ የአላህ ነው፣ አበጋዝ» አሉ ሐጂ። «ዝምታው የእኔ ነበር።»

*

ከዚያ ጁምዓ ሁለት ዓመት በኋላ ሐጂ ሙዘይን ሞቱ። አስከሬናቸው፣ ጀናዛው፣ ከሰጋጁ ፊት ተቀመጠ። እንደ ልማዱ የበኩር ልጃቸው ወደ ሰዉ ዞሮ፣ አባቴ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይንገረኝ ወይም አውፍ ይበለው አለ።

የጀናዛ ሰላት ጎንበስ የሚባልበት ሩኩዕ የለውም፣ ሱጁድም የለውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ የሚሰገድ ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ኡስታዝ ሸምሱ ወንበር አላስፈለገውም። በሰልፉ መሐል እንደማንም ሰው ቆሞ ነበር።

«ስምንቱንም ወር አውፍ ብያለሁ» አለ ጮክ ብሎ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሐጂ በዚሁ መስጂድ፣ ከእሱ በጥቂት ክንድ ርቀት ሰግደዋል። ይህን ቃል ጠብቀው ነበር። ቃሉ የመጣው ጆሯቸው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስለ ሐጂ ሙዘይን ሐቀኝነት የሚያወራ ሰው፣ በጁምዓው ቀን መነሣታቸውን ያወራል። እውነት ነው፣ ያን ማድረግ ለትልቅ ሰው ይከብዳል። እኔ ግን በሐሳቤ አሸዋው ላይ እቆያለሁ። ሐያእ፣ ማፈር፣ የአማኝ ጌጥ ነው። ይሉኝታ ግን የሐያእን ልብስ ተውሶ ይመጣል፣ እኛም በር ከፍተን እናስገባዋለን። ለሰው ክብር ስንል ዝም አልን እንላለን። የሚሰበረው የሌላ ሰው ጉልበት ነው።

ይህን የነገረኝ፣ ያን ቀን ከመጡት ስምንት ሰዎች አንዱ ነው። ተርኮ ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቅሁት። እናንተስ አላያችሁም ነበር?

ጫማውን አየ።

«ሁላችንም አይተናል» አለኝ በመጨረሻ። «ዝም ያልነው የተጠየቁት እሳቸው ስለሆኑ ነው።»

አላህ ሐጂ ሙዘይንን ይማራቸው። ያልተጠየቅነውንም እኛን።